የባለሙያ ካሜራ ቀረጻ በቤት ኮምፒውተር አልከፈት ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃትና ስብሰባ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ካሜራው ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ በኪራይ የመጣ፣ አንዳንዴ ከወዳጅ በውሰት የተገኘ ሶኒ፣ ካኖን ወይም ፓናሶኒክ ነው። ማቀናበሪያው ግን ተራ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ፣ በዋናነት ለስልክ ቪዲዮ የተሰናዳ ሶፍትዌር ነው። እሑድ ማታ ካርዱ ሲሰካ ሁለቱ አይግባቡም። እነዚህ ጥያቄዎች ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ፣ ፎቶ ቤት ካላቸውም ሆነ ሥራውን በራሳቸው ጥረት ከሚማሩ ወጣቶች ደጋግመን የምንሰማቸው ናቸው። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ካርዱን ፎርማት አያድርጉ።

ሶፍትዌሩ «ፋይሉ አይደገፍም» ወይም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይለኛል። ቀረጻው ጠፋ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። «አይደገፍም» የሚለው መልእክት ስለ ሶፍትዌሩ አቅም እንጂ ስለ ቀረጻው ደኅንነት አይናገርም። «ተበላሽቷል» የሚለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ሊያነበው ያልቻለውን ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። በዚህ አንድ ቃል ተደናግጠው ካርዱን ያጸዱ ሰዎች አሉ፤ ያጡትም ዳግም የማይደገስ ሰርግ ነው።

ለማጣራት ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ይጠቀሙ። ነጻ ነው፤ የራሱን ኮደኮች፣ ማለትም የተጨመቀ ቪዲዮ መፍቻዎችን፣ ይዞ ስለሚመጣ ዊንዶውስ እምቢ የሚለውን ብዙ ነገር ይከፍታል። እዚያ ምስሉም ድምፁም ከመጣ ቀረጻው ደህና ነው። ቪኤልሲም ካቃተው ካርዱን ወደ ቀረጸው ካሜራ መልሰው በራሱ በካሜራው ያጫውቱት። በካሜራው ላይ ከታየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው አገለባበጡ ላይ ነው፤ ስለዚያ ከታች በሰፊው እንመጣበታለን።

ታዲያ ለምንድን ነው የማይከፈተው?

የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የምናየው ኤምኤክስኤፍ፣ ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ ወይም ኤምቲኤስ የማሸጊያው ስም ነው። ውስጥ ያለው ምስል የተጨመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮደኩ፣ ሌላ ነገር ነው። ጆንያው ላይ «የጅማ ቡና» ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ የታጠበ ይሁን ጀንፈል ሳይፈቱት አይታወቅም፤ የቪዲዮ ፋይልም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ በተለያየ ቦታ ሊሰናከል ይችላል። አንዱ ማሸጊያው ነው። ኤምኤክስኤፍ ኤስኤምፒቲኢ የተባለው የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃ ያወጣለት፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሥራ የታሰበ ማሸጊያ ነው፤ ለቤት ተጠቃሚ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ከነጭራሹ አያውቁትም። ሁለተኛው ኮደኩ ነው። የቆዩት የካኖን ኤክስኤፍ ካሜራዎችና የሶኒ ኤክስዲካም 422 ካሜራዎች በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚመዘን ኤምፔግ2 ይቀርጻሉ፤ የፓናሶኒክ ፒ2 ደግሞ ዲቪሲፕሮ ኤችዲ ወይም ኤቪሲ ኢንትራ ይጠቀማል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሦስተኛው ነው። ማሸጊያው ኤምፒ4፣ ኮደኩም ኤች.264 ሆኖ፣ ስሙ ሁሉ ከስልክ ቪዲዮ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ምክንያቱ ዝርያው ነው። አብዛኛው የስልክ ቪዲዮ 8 ቢት 4:2:0 ነው (ቢቱ የቀለሙን ደረጃ ብዛት፣ 4:2:0 የሚለው ደግሞ ምን ያህል የቀለም መረጃ እንደተያዘ ያመለክታል)፤ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ አለው። የባለሙያው ካሜራ 10 ቢት 4:2:2 ሲቀርጽ ደረጃው 1,024 ይሆናል፣ የቀለሙ መረጃም እጥፍ ነው። ለቀለም ሥራ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ተራው ሶፍትዌርና ብዙ የግራፊክስ ካርዶች ግን ይህን ዝርያ አያነቡም።

የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ4 ብቀይረውስ?

አይሠራም። ስሙ ይቀየራል እንጂ ውስጡ አይቀየርም። ይባስ ብሎ በዋናው ካርድ ላይ ካደረጉት ካሜራው ራሱ ፋይሉን አላውቅም ሊል ይችላል።

ከካርዱ ላይ የትኛውን ፋይል ልገልብጥ?

ሁሉንም። አንድም ሳይቀር፣ ካርዱ ላይ እንዳለ፣ የውስጥ ፎልደሮቹን ስም ሳይነኩ።

ይህን አጥብቀን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የፓናሶኒክ ፒ2 ካርድን እንመልከት። ካርዱ ሲከፈት «ኮንቴንትስ» የሚባል አንድ ፎልደር አለ፤ በውስጡ ኦዲዮ፣ ቪዲዮ፣ ክሊፕ፣ አይኮን፣ ፕሮክሲ እና ቮይስ የሚባሉ ስድስት ፎልደሮች ይገኛሉ። ምስሉ «ቪዲዮ» ውስጥ ይቀመጣል፤ ድምፁ ግን «ኦዲዮ» ውስጥ፣ እያንዳንዱ የድምፅ መስመር በየራሱ ፋይል ነው። የትኛው ድምፅ የየትኛው ምስል እንደሆነ የሚያመለክቱት «ክሊፕ» ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። አሁን ሃርድ ዲስኩ የጠበበበት ሰው ምን ያደርጋል? ፋይሎቹን በመጠን ይደረድርና ትልልቆቹን ብቻ ይወስዳል። ምስሉ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲመርቁ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። ካርዱ በዚያው ቀን ለሌላ ሥራ ከተጸዳ ያ ምርቃት ዳግም አይሰማም።

ሌሎቹም የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ካኖን ኤክስኤፍ በ«ኮንቴንትስ» ሥር ለእያንዳንዱ ቀረጻ የተለየ ፎልደር ይከፍታል። የቆዩት ሶኒ ኤክስዲካም ኢኤክስ ካሜራዎች ሁሉንም «ቢፒኤቪ» ውስጥ ያኖራሉ፤ የኋለኞቹ «ኤክስዲሩት» ይሉታል። ትንንሾቹ የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ «ፕራይቬት» ሥር ባለው «ኤም4ሩት» ውስጥ «ክሊፕ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣሉ። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው የቀረጻ ዓይነት ቪዲዮውን «ስትሪም» የተባለ ፎልደር ውስጥ በኤምቲኤስ ይደብቀዋል። በማክ ኮምፒውተር ላይ «ኤቪሲኤችዲ» የሚለው ፎልደር እንደ አንድ ፋይል ሊታይ ይችላል፤ ባዶ መስሎዎት አይለፉት።

ረጅም ንግግር የቀረጸ ሰው ደግሞ አንድ ቀረጻ ብዙ ቦታ ተቆራርጦ ያገኘዋል። ይህም ብልሽት አይደለም። ፋት32 የተባለው የካርድ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ስለማይዝ ካሜራው ራሱ ይከፋፍለዋል። የፎልደሩን አደረጃጀት የሚያነብ ሶፍትዌር ቁርጥራጮቹን ያለ ክፍተት ይገጣጥማቸዋል፤ ፋይሎቹን ብቻ ነጥለው ካስገቡ ግን መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊቋረጥ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ካርድ የተለየ ፎልደር ይክፈቱ። ካሜራዎች በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ቁጥራቸውን ከአንድ ሊጀምሩ ስለሚችሉ የሁለት ካርዶች ፋይሎች ተመሳሳይ ስም ይኖራቸዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲገለበጡና ኮምፒውተሩ «ልተካው?» ብሎ ሲጠይቅ በጥድፊያ «አዎ» ማለት የሰርጉን ግማሽ ማጥፋት ነው። የውጭውን ፎልደር በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢሰይሙት ይመረጣል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፎልደር ስም የሚያሰናክላቸው የመለወጫ ሶፍትዌሮች አሉ። ገልብጠው ሲጨርሱ የፋይሎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ከካርዱ ጋር ያስተያዩ።

ፋይሌ ውስጥ ምን እንዳለ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ሚዲያኢንፎ የተባለውን ትንሽ ነጻ ሶፍትዌር ይጫኑ። ፋይሉን ሲሰጡት ማሸጊያውን፣ ኮደኩን፣ የቢቱን ጥልቀት፣ 4:2:0 ወይም 4:2:2 መሆኑን፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንዳለውና ስንት የድምፅ መስመር እንደያዘ ይዘረዝራል። ሰው ምክር ሲጠይቁም «አልከፈት አለኝ» ከማለት ይልቅ ይህን ዝርዝር ይላኩ፤ ግማሹ መልስ እዚያው ላይ ይገኛል።

ሳልለውጠው በቀጥታ የሚከፍትልኝ ነጻ ሶፍትዌር አለ?

አለ። ሻትካትና ኬደንላይቭ ነጻ ናቸው፤ ሁለቱም ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የጋራ መሠረት ላይ ስለተሠሩ ኤምኤክስኤፍን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ይከፍታሉ። አቅሙ ደከም ላለ ላፕቶፕ በሻትካት መጀመርን እንመርጣለን።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከሁሉም ይበልጣል። የሚያዘጋጀው የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን ነው፤ ነጻው ስሪት የባለሙያ ካሜራ ቀረጻዎችን፣ ሬድ የተባሉትን ካሜራዎችና የራሱን የብላክማጂክን ጥሬ ፋይሎች ጭምር ያነባል፤ እስከ 3840 በ2160 ድረስም ያወጣል። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። ጠንከር ያለ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ነጻው ስሪት በዊንዶውስ ላይ 10 ቢት 4:2:2 የሆነ ኤች.264 ወይም ኤች.265 ሲሰጡት ድምፁን ብቻ አምጥቶ ምስሉን ሊያስቀር ይችላል፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ነጻው ስሪት ከእነዚህ ኮደኮች ጋር አይስማማም። ያን ጊዜ ወደ መለወጥ መሄድ ነው።

አምራቾቹም በነጻ የሚሰጡት መሣሪያ አላቸው፦ ሶኒ ካታሊስት ብራውዝ፣ ካኖን ኤክስኤፍ ዩቲሊቲ፣ ፓናሶኒክ ፒ2 ቪውወር ፕላስ። የካርዱን አደረጃጀት ከእነዚህ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተቆራረጠውን ለመገጣጠም የመጀመሪያ ምርጫችን እነርሱ ናቸው። ሁሉንም ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ ሲመጣ የሚያጠፋው የደንበኛን ቀረጻ ነው።

ካፕካት በስልክ ብጠቀምስ?

ለአጭር ቅንጭብ፣ አስቀድሞ ወደ ተራ ኤምፒ4 ለተለወጠ ፋይል ጥሩ ነው። የካርድ ፎልደር ይዞ ለመሥራት ግን አልተሠራም።

መለወጥ ግድ ከሆነ ወደ ምን ልለውጠው?

ሻተር ኢንኮደር የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር እንመክራለን። የሚለወጥበት ዓይነት ግን በሥራው ይወሰናል፤ ሁሉንም በጭፍን ወደ ኤምፒ4 መቀየር ልማድ ሆኖ እናየዋለን፤ ብዙ ጥራት የሚባክነው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ማሸጊያውን ብቻ መቀየር ይሞክሩ። ውስጡ ኤች.264 ሆኖ ማሸጊያው ኤምኤክስኤፍ ከሆነ ምስሉን እንደገና ሳይጨምቁ ወደ ኤምኦቪ ማዛወር ይቻላል። ጊዜው ፋይል የመገልበጥ ያህል ነው፣ ከጥራቱም ቅንጣት አይጠፋም። ኤምፒ4 ሳይሆን ኤምኦቪ የምንለው የባለሙያ ካሜራ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጨመቀ ስለሆነና ኤምኦቪ ይህን ያለችግር ስለሚቀበል ነው።

ያ ካልሠራ ለማቀናበር ወደተሰናዱ ኮደኮች ይሂዱ፦ የአፕል ፕሮረስ ወይም የአቪድ ዲኤንኤክስኤችዲ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያነብ ሥራው ይፈጥናል፤ ዋጋው ቦታ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሆነ ሙሉ ኤችዲ በፕሮረስ 422 በሰከንድ 122 ሜጋቢት ይወስዳል፤ ይህ ለአንድ ሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ነው። ያው ሰዓት በካኖን ኤክስኤፍ 50 ሜጋቢት ሲቀረጽ 22.5 ጊጋባይት ነበር። የአራት ሰዓት ሰርግ እንግዲህ ከ90 ወደ 220 ጊጋባይት ያድጋል ማለት ነው፤ ከመጀመርዎ በፊት ሃርድ ዲስክዎን ይመልከቱ። ቦታ ካነሰ ፕሮረስ ኤልቲ በሰከንድ 85 ሜጋቢት ብቻ ይወስዳል፤ ለሰርግና ለስብሰባ ልዩነቱ በዓይን አይታወቅም ማለት ይቻላል።

ሶፍትዌርዎ እነዚህንም ካልተቀበለ የመጨረሻው አማራጭ 8 ቢት 4:2:0 ኤች.264 ነው። ሃንድብሬክ የተባለው ሶፍትዌርም ይህን ይሠራል። በሰከንድ የሚወስደውን ሜጋቢት ከፍ ያድርጉት፤ ተጨምቆ የነበረው እንደገና ተጨምቆ፣ በመጨረሻም ሲወጣ ሌላ ጊዜ ይጨመቃልና።

ይከፈታል፣ ግን እየተንቀረፈፈ አላሠራ አለኝ።

ከካርዱ ወይም ከፍላሽ ላይ በቀጥታ እያቀናበሩ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ዲስክ፣ ቢቻል ኤስኤስዲ ወደሚባለው ፈጣን ዲስክ ይገልብጡት። ከዚያ ፕሮክሲ ይጠቀሙ፦ ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ቀረጻ አነስ ያለ ቅጂ ይሠራል፣ እርስዎ በቅጂው ላይ ይቆርጣሉ፣ ሲያወጣ ግን ዋናውን ይወስዳል። ሪዞልቭም፣ ሻትካትም፣ ኬደንላይቭም ይህን ያደርጋሉ። ላፕቶፕ ሊገዙ ያሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265ን በሃርድዌር ማንበብ በኢንቴል በኩል በሰፊው የመጣው ከ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ነው፤ በኤንቪዲያ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ውድ የኤንቪዲያ ካርድ ለዚህ ዝርያ አይረዳዎትም።

ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ግን የለም ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል።

የባለሙያ ካሜራ ድምፅን በአራት፣ አንዳንዴም በስምንት የተለያዩ መስመሮች ይቀርጻል። የሙሽራው ማይክሮፎን በመስመር አንድ፣ የካሜራው ማይክሮፎን በመስመር ሁለት ሊሆን ይችላል። ተራው ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል፤ ማይክሮፎኑ የተሰካው ሦስተኛው ላይ ከነበረ ዝምታ ይሰማል። ወይም ሁለቱን መስመሮች ግራና ቀኝ አድርጎ ይተረጉማቸዋል፤ ከአንዱ ጆሮ ንግግር፣ ከሌላው የአዳራሽ ጫጫታ የሚመጣው ለዚህ ነው።

በቪኤልሲ የድምፅ ዝርዝር ውስጥ ገብተው መስመሮቹን አንድ በአንድ ያዳምጡ። የሚፈልጉትን ሲያገኙ በሻተር ኢንኮደር እንደ ዌቭ ፋይል ለብቻው ያውጡትና በማቀናበሪያው ውስጥ ከምስሉ መነሻ ጋር አስተካክለው ያስቀምጡት። ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ከመነሻው ከገጠሙ እስከ መጨረሻው ይገጥማሉ።

ቀለሙ ለምን ግራጫና የደበዘዘ ሆነ?

ካሜራው በሎግ ስለቀረጸ ነው፤ በሶኒ ኤስሎግ፣ በካኖን ሲሎግ፣ በፓናሶኒክ ቪሎግ ይባላል። ብርሃንና ጥላን አቻችሎ ለመያዝ ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ የተደረገ ነው። አምራቾቹ በነጻ የሚሰጡትን ለት የተባለ የቀለም መለወጫ ፋይል ሲጭኑበት ወደ ተፈጥሯዊው ይመለሳል። አደራ የምንለው ቅደም ተከተሉን ነው፦ የሎግ ቀረጻ ወደ 8 ቢት የሚለወጥ ከሆነ ለቱ ከመለወጡ በፊት ወይም አብሮ ይደረግ። ግራጫው ወደ 8 ቢት ከወረደ በኋላ ቀለሙን ሲዘረጉት ሰማዩና የነጭ ቬሎው ጥላ በደረጃ ይሰነጣጠቃል።

ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታያሉ።

ቀረጻው 50አይ ነው፤ ፍሬሙ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ የሚቀረጽበት የቴሌቪዥን ዘዴ። ሲለውጡት «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ለጭፈራና ለሩጫ ወደ 50 ሙሉ ፍሬም መለወጡ እንቅስቃሴውን ለስላሳ ያደርገዋል።

ስለውጥ መብራት ጠፍቶ ፋይሉ አልከፈት አለ።

ኤምፒ4 እና ኤምኦቪ የይዘት ማውጫቸውን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። በመካከል ከተቋረጡ ምስሉ ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማውጫ ስለሌለ ማንም አያነበውም። ስለዚህ ሁሉንም ገጣጥመው እንደ አንድ ትልቅ ፋይል አይለውጡ፤ እያንዳንዱ ቀረጻ ለየብቻው ይለወጥ። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያለው ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ያስፈልገዋል።

በቀረጻ መካከል የካሜራው ባትሪ ሲያልቅም የሚሆነው ይኸው ነው። ካርዱን ወደዚያው ካሜራ መልሰው ያስገቡ፤ ብዙዎቹ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች ያልተዘጋውን ፋይል ሲያዩ «ልጠግነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት በካርዱ ላይ ምንም አይቅረጹበት።

በሚቀጥለው ቀረጻ ይህ ሁሉ እንዳይገጥመኝ ምን ላድርግ?

ካሜራው በእጅዎ በገባበት ቀን አንድ ደቂቃ ቀርጸው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ እስከ መጨረሻው ይሞክሩት፤ ይክፈቱ፣ ይቁረጡ፣ ያውጡ። የኪራይ ካሜራ ከሆነ ከመኪና ሳይወርድ ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ካሜራዎች ከከባዱ ምርጫ ጎን 8 ቢት 4:2:0 የሆነ ቀለል ያለ ምርጫ አላቸው፤ የቀለም ሥራ ለማይሠራበት ሰርግ እርሱ ይበቃል። የፍሬሙን ብዛት 25 ወይም 50 ያድርጉ፤ ካሜራው ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ 30 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በ50ኛ ሰከንድ ላይ ሲሆን የአዳራሹ መብራት አይርገበገብም።

ካርዱን መቼ ነው ፎርማት ማድረግ የምችለው?

ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ከተገለበጠ፣ ከሁለቱም ላይ ምስልና ድምፁ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ። ይህንንም በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በካሜራው ያድርጉት፤ የፎልደሩን አደረጃጀት እንደሚፈልገው አድርጎ የሚሠራው እርሱ ነው። ሥራውን ካስረከቡ በኋላም ቢሆን ዋናውን ቀረጻ እንጂ የለወጡትን ቅጂ አያስቀምጡ፤ የተለወጠው ከዋናው መቼም እንደገና ይሠራል።